ስማዳ የወጣው የጀልባ ሞተር

ከስማዳ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈራችን ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የጀልባ ሞተር ተራራ ላይ ምን ይሠራል?» ባጭሩ ልመልስ እሞክርና ሳቄ እየቀደመኝ ወሬው መሀል ላይ ይቀራል። በጠባዬ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እዚህ ባሕር ዳር ሐይቁን እያየ ለሚኖር፣ ስማዳን በዕድሜው ላያይ ለሚችል ሁሉ ይሁን። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ የሄድኩት በእስቴ በኩል ነው፣ የተመለስኩት በጋይንት በኩል። የመልሱን መንገድ የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ ተኝቼ ስለጨረስኩት የጋይንትን ውበት ከእኔ አትጠብቁ። ሴትዮዋን እግዜር ይስጣት፣ አንዴም አልነቀነቀችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ጀልባ በሚጠገንበት ግቢ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ከእህቴ ልጆች ጋር አብሬ ነው፤ ሞተር ስማርም የክፍል ጓደኞቼ «እማማ» ይሉኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጥሩወርቅ ከስማዳ ልትጠይቀን መጥታ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሞተር በእንጨት ላይ ተቀምጦ አየች። ጀልባው በስብሶ ሞተሩ ብቻ የቀረ ነው። ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይሄ እህል ይፈጫል?» አለችኝ። «ሞተር ሞተር ነው፤ ያሰርሽበትን ያዞራል» አልኳት። በቃ፣ እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ወሰደችው። እስከ ወገዳ በመኪና ሄደ፤ ከወገዳ እስከ መንደሯ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ፣ ሰው እየተፈራረቀ ተሸከመው። ሀገሬው «ጣና» የሚል ስም አወጣለት።

የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። ፓምፑ ከሐይቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይስባል፤ ውሃው በጋለው ብረት ዙሪያ ይዞርና ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ውጭ ይተፋል። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ማን እንዳሞቀው እንኳ አያውቅም። ስማዳ ላይ ግን ሐይቅ የለም። ጥሩወርቅ ከመንደሩ በላይ ካለው ምንጭ በቱቦ ውሃ አውርዳ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በርሜል ውስጥ አጠራቀመች፤ ሞተሩ ከበርሜሉ ይጠጣል፣ የሞቀው ውሃ በሌላ ቱቦ ወጥቶ ወደ ጎመኑ መደብ ይወርዳል። በስልክ እየነገርኩ ያሠራኋት እኔ ነኝ። እንዲህ ከተሠራ ምንም ሊሆን አይገባም ነበር።

ከገና በኋላ ደወለች። «እታለም፣ ጣና ትኩሳት ይዞታል» አለችኝ፤ ስለ ሕፃን የምታወራ ነው የሚመስለው። እህል ሲበዛበት ይግላል፣ ከጋለ ይቆማል። ወፍጮ ቤቱ የቆመበት ቦታ ደግሞ የደብሩ ነው። አምና በማርያም ንግሥ መሀል ላይ ቆሞባት ሴቱ ሁሉ የድግሱን እህል በድንጋይ ሲፈጭ ሰንብቷል። አሁን ቄሰ ገበዙ ቁርጡን ነግረዋታል፤ የዘንድሮው ንግሥ እህል ዓርብ ይመጣል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈጭቶ ካላለቀ ቦታው ለሌላ ባለ ወፍጮ ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ ማራዘሚያ የለም።

«አንቺ ነሽ ይፈጫል ያልሽኝ» አለች ጥሩወርቅ። ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር እየጎተትኩ ነበር።

ማክሰኞ

ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ይህ ነው፦ ቁልፎችና ካቻቢቴ፣ ለፓምፑ የሚሆን መለዋወጫ የጎማ ክንፍ፣ የሞተሩ መጽሐፍ፣ አንድ ልብስ፣ በካልሲ የተጠቀለለ የመስታወት ሙቀት መለኪያ። ካልሲው ወፍራም ነው። ሰው ለራሱ ያልለበሰውን ካልሲ ለመስታወት ያለብሳል።

ወረታን አልፈን መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲያነሣ አውቶቡሳችን ማቃሰት ጀመረ። የአለም ሳጋ ጫካ አጠገብ ስንደርስ ከፊቱ እንፋሎት ወጣና ቆመ። ሾፌሩ ጨርቅ ይዞ ወረደ፤ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ በመስኮት አየሁት። ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«አይክፈቱት! ይብረድ! ፊትዎ ላይ ነው የሚፈነዳው!»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። «ሾፌር ነሽ እናቴ?»

«አይደለሁም» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ስለሆነ ምላሴ ተሳሰረ። «የጀልባ ነኝ።»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሳቀ፤ ግን ክዳኑን ተወው። ሣሩ ላይ ወርደን ተቀመጥን። አንዲት ሴት ከአገልግል ዳቦ አውጥታ ቆረሰችልኝ፤ ማዳበሪያ የጫኑ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ጀልባዋ፣ ከዚህ ወዲያ የምንቀዝፍበት አለ ወይስ በእግር እንግባ?» ይሉኛል። እኛ ሀገር ጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ጸሎት ይጀምራል። እዚህ ዳቦ ይበላል። የእነሱ ሳይሻል አይቀርም።

ደብረ ታቦር ላይ አውቶቡስ ቀይሬ ወደ ማታ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ብርዱን ልብ በሉልኝ! ባሕር ዳር ላይ ማታ ማታ መስኮት እንከፍታለን፤ እዚህ መስኮት ተዘግቶ እንኳ ብርዱ በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ደልደል ያለች ሳቂታ ሴት ናት። ማክሰኞ የፍስክ ቀን ስለሆነ ምን እንደምትሠራልኝ ጠየቀችኝ። አፌ እንደለመደው «ዓሣ አለ?» አልኩ።

«ዓሣ?» ወደ ጓዳ ዞራ ተጣራች። «ኧረ ኑ እዩ፣ ዓሣ የምትል መጣችልን!» ጓዳ ያለው ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት አጠገቤ ተቀመጠች። «እውነት ነው የሐይቁ ማዶ አይታይም?» አይታይም አልኳት። «ታዲያ ማዶ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» እስካሁንም እያሰብኩበት ነው። ቅቅል አበላችኝ፤ ብርድ ልብሱ እንደማይበቃኝ ፊቴን አይታ የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ። በማግስቱም ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ስማዳ የሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ «ይቺ የሩቅ ሰው ናት፣ እንዳትጥሏት» ብላ አስቀመጠችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ ይቆጨኛል።

ረቡዕ

የስማዳን መንገድ ለማያውቅ እንዴት ልንገር? ማዕበል ያለበት ቀን በትንሽ ጀልባ ሐይቁን ያቋረጠ ሰው ያውቀዋል። ጀልባ ላይ ግን ብትወድቅ ውሃ ላይ ነው። ገደሉ በኔ በኩል ሲሆን ወደ ሾፌሩ እጠጋለሁ፣ በሾፌሩ በኩል ሲሆንም ወደ ሾፌሩ እጠጋለሁ። በመጨረሻ ሾፌሩ «እታለም፣ መሪውን ልስጥሽ እንዴ?» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከሻንጣዬ ብቅ ያለውን ካልሲ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሙቀት መለኪያ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነበር። «እንግዲያስ ለኪኝ» አለች። የሰው አይደለም፣ የውሃ ነው ብላት «ሰው ውሃ አይደለም እንዴ?» አለችኝና እጄን ይዛ ብብቷ ውስጥ ልትከተው ስትል መኪናው ዘለለ፤ መለኪያውን በደረቴ አቅፌ ከጣራው ጋር ተጋጨሁ። መስታወቱ ተረፈ። ግንባሬ ላይ ያበጠውን እብጠት ያየ ሁሉ ወገዳ እስክንደርስ ሲያዝንልኝ ነበር፤ እኔ ግን መለኪያው አልተሰበረም ብዬ እንደ እብድ እየሳቅኩ ነበር።

ወገዳ ላይ ጥሩወርቅ በቅሎ ይዛ ጠበቀችኝ፤ አብሯት የወፍጮው ሠራተኛ ሞላ አለ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሰው። መንደሩ ስንደርስ ወደ ወፍጮ ቤቱ ልሂድ ብል ጥሩወርቅ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። «እግርሽን ሳላጥብልሽ? የኔታ ይገድሉኛል!»

የኔታ አባቷ ናቸው፣ መሪጌታ ኅሩይ። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ብዙ ዘመን ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት የዋሉ። ልጃቸውም ጎረቤቱም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ብድግ ሊሉልኝ ሲታገሉ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። እንግዳ እግሩ ሳይሞቅ ልቡ አይሞቅም። ውሃ አምጡላት!»

ጥሩወርቅ በሳፋ ውሃ አመጣች። እግሬን ስነክር ጮኽኩ፣ ከደስታ። ከመካነ ኢየሱስ ጀምሮ የቀዘቀዘ እግሬ ሟሟ። ባሕር ዳር ላይ እግር የሚያጥብ ሰው ቀርቷል፣ ሁሉም ሻወር አለኝ ባይ ነው፤ እዚህ ግን ደጃፍ የረገጠ መንገደኛ ሁሉ ሙቅ ውሃ ሳያገኝ አይቀመጥም። ጥሩወርቅ ተረከዜን እያሸች ሳቀች፤ የኔታ ደግሞ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው እንደሚል ሰው። ጾም ነበርና የባቄላ ክክ ወጥና ተልባ በላን። ሌላ ነገር ሳላስብ ተኛሁ።

ሐሙስ

ማሽን ፊት ስቆም ዝምታዬ ይለቀኛል። ጠዋት ሞላን በሥራ አጣደፍኩት። ሀሳቤ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል መሄድ ነው። መጀመሪያ የውሃ ማጣሪያውን ከፈትን፤ ንጹሕ ነው። ፓምፑን ፈታን፤ የጎማው ክንፍ ጫፉ ትንሽ ቢበላም ደህና ነው፣ እንደገና አስገባነው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ነፋናቸው። ሞላ ነፋ፣ እኔ ነፋሁ፣ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶችም እየተቀባበሉ ነፉ። ውስጣቸው ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ትንሽ የነሐስ በር ነው። የስማዳ ምንጭ ውሃ በረዶ ስለሆነ ያለ እሱ ሞተሩ ሁሌ እየተንቀጠቀጠ ይሠራ ነበር። በሩ እንቢ ብሎ ይሆናል ብዬ በድስት ውሃ ውስጥ ከትቼ እሳት ላይ ጣድኩት፣ መለኪያዬንም ከጎኑ ነከርኩ። ምድጃው ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ውሃው ሲሞቅ የነሐሱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሴቶቹ እልል አሉ! አንዷ «ኧረ ደግመሽ አብስዪው!» አለችኝ። አወጣሁና አቀዘቀዝኩት፣ ተዘጋ። እንደገና ጣድኩት፣ ተከፈተ። እንደገና እልል። ሰባት ዓመት ጀልባ ስጠግን አንድ ቀን እንኳ እልል የተባለልኝ የለም።

ሁሉንም ገጥመን አስነሣነው። ጣና ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈጭ ዋለ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ መርፌም ከልኩ ንቅንቅ አላለችም። ምንም ሳላስተካክል ዳነ ማለት ነው። ይህ ነገር አልጣመኝም። ያለ ምክንያት የዳነ ሞተር ያለ ምክንያት እንደገና ይታመማል። ራት ላይ ተቀምጬ ይህን ስል ጥሩወርቅ «አንቺ ደግሞ! እግዜር ሲያድን ምክንያት ይጽፍልሻል?» አለችኝ። የኔታ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ግማሽ ሳቅ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት የድግሱ እህል በአህያ ሲመጣ ሜዳው ሞላ። ለዳቦው ስንዴ፣ ለጠላው ብቅልና ጌሾ፣ ለቆሎ የማይሆነው ገብስ ሁሉ። የጥሩወርቅ ፊት የፋሲካ ፊት ነው። ቄሰ ገበዝ ምሕረት መጥተው ጆንያውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ተመልሰው ሄዱ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ሻሻቸው አንዲት እጥፋት የማይጎድለው ሰው ናቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን የምወዳቸው ዓይነት ሰው።

ረፋዱ ላይ መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ዓይኔን አላመንኩም። ሮጬ ወደ ጀርባ ዞርኩ። ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቧንቧ ላይ ያለው መዝጊያ ከግማሽ በላይ ተዘግቷል! ከፈትኩት፤ መርፌዋ ወረደች። ገብቼ ሞላን ጠየቅኩት።

«ማርያምን አልነካሁም» አለ። ሞላ ሁለት ቃል ከተናገረ አንዱ መሐላ ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርፌዋ እንደገና ወጣች። አሁን በሩጫ አልወጣሁም፤ ቀስ ብዬ በጎን ዞሬ ከጭድ ክምሩ ኋላ አጮለቅኩ።

የኔታ ናቸው። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የሞቀው ውሃ በሚወጣበት ቱቦ ሥር ሳፋ ደቅነው፣ ግራ እጃቸው መዝጊያው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው የሚወርደው ውሃ ውስጥ። ትንሽ ይዘጋሉ፣ ውሃውን ይዳስሳሉ። ትንሽ ይዘጋሉ፣ ይዳስሳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከኋላቸው ማድጋ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ይቺ ግዕዝ ናት» ይላሉ ለሴቶቹ፣ መዝጊያውን እያዞሩ። «ለጎመን ማጠቢያ ትሆናለች። ይቺ ዕዝል። ይቺ ደግሞ...» አንዴ ጠመዘዙና ፊታቸው በራ። «አራራይ! ይቺን ለእንግዳ እግር!»

ከጭዱ ኋላ ተቀመጥኩና አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅኩ። የዜማውን ሦስት ስልት ለሞተር ውሃ አውጥተውለታል! ረቡዕ እግሬን ያሟሟው ያ አራራይ ነበር። ውሃው ሲቀንስ የሚወጣው ይበልጥ ይሞቃል፤ ሞተሩ ግን ይነዳል። ለመንገደኛ ክብር ሲባል ጣና በየንግሡ፣ በየድግሱ፣ እንግዳ በበዛ ቁጥር ሲቀቀል ኖሯል። ሐሙስ የዳነው ምክንያት ኖሮት ነው፤ ያን ቀን እንግዳ አልመጣም፣ ሴቶቹም ቱቦ ሲነፉና ለነሐስ በር እልል ሲሉ ነው የዋሉት።

ልነሣ ስል ሞተሩ ከውስጥ ጮኸና ጸጥ አለ። ሞላ ደንግጦ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አንሥቶ ሊደፋበት ሲሮጥ ደረስኩ።

«ተው!!!»

ያን ጩኸት ከእኔ ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። አህዮቹ ሸሹ። ሞላ ባልዲውን እንደያዘ ድንጋይ ሆነ። «ይሰነጠቃል» አልኩ ቀስ ብዬ፣ በራሴ አፍሬ። «የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ትደፋለህ? በራሱ ይብረድ።»

ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ ነበር። «አለቀልኝ» አለች። ሜዳው ላይ ግማሽ ያህል እህል አልተነካም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

የኔታን ከውጭ አስገባኋቸውና ያየሁትን ነገርኳቸው። ሊያምኑ አልቻሉም። «ምን ነካሽ፣ ልጄ! ሙቀቱን እኮ እያወጣሁለት ነው! የሚወጣው በሞቀ ቁጥር ከሆዱ ብዙ ሙቀት ወጣለት ማለት አይደለም? እኔስ እያከምኩት መስሎኝ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ክርክሩ ጥሩ ነው። እኔም ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ የመለሰ ተማሪ አውቃለሁ።

«የኔታ፣ እህል አውድማ ላይ ወድቆ ዝናብ ሊመጣ ነው እንበል። ሁለት አህያ እስኪጎብጥ ጭነው ይሰዳሉ፣ ወይስ የሀገሩን አህያ ሰብስበው ጥቂት ጥቂት እየጫኑ ቶሎ ቶሎ ያመላልሳሉ?»

«የሀገሩን አህያ ነዋ!»

«ውሃው አህያው ነው። እርስዎ አህያውን እየቀነሱ፣ የሚወጡት ሁለቱ ሲጎብጡ አይተው እህሉ እየተነሣ ነው ይላሉ። አውድማው ግን እንዳለ ነው።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «አዬ! ዝናብ አስመታሁት! የልጄን እህል!» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ወዲያው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቃቸው ነው። «አራራይ ስል ሰውዬው ይቃጠላል!» ጥሩወርቅ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ልትቆጣ የከፈተችው አፏ ሳቅ ሆነባትና በጆንያ ላይ ተደፋች። ሴቶቹም፣ ሞላም። ወፍጮ ቤቱ ሙሉ ሰው፣ ቦታው ከእጁ ሊወጣ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የኔታ ግን ፈጥነው ኮስተር አሉ። «ንግሡ ላይ ከየደብሩ ካህናት በእግር ይመጣሉ። ሙቅ ውሃ አለኝ ብዬ ላክሁባቸው። ውሃው ይከፈት ካልሽኝ ይከፈት፣ ግን እግራቸውን በምን አጥባለሁ?»

እኔ ደግሞ ለጥያቄ መልስ ሳልሰጥ አልሠራም። ማርሚታው፣ የጭሱ ቧንቧ ማለቴ ነው፣ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እጅ አያስነካም፣ ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። ሞላን ሁለት የብረት ባልዲ አስመጣሁና በሽቦ ግራና ቀኙ አሳሰርኩት። ውሃ ሞላንባቸው። ከሞተሩ አንዲት ጠብታ አልተበደርንም። እስኪበርድም የፓምፑን ጎማ ቀየርኩ፤ ውሃ አጥቶ ሲዞር ክንፉ ተልጦ ነበር። ያን መለዋወጫ ከባሕር ዳር ድረስ የተሸከምኩበትን እጄን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሲበርድ አስነሣነው። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ግን ማን ይጠብቀው? ሴቶቹ አሁንም ማድጋ ይዘው ዞር ዞር ይላሉ፤ ልማድ ክፉ ነው። የኔታ በርጩማቸውን አስመጥተው ቧንቧው አጠገብ ተቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን መዝጊያው ላይ ጋደም አደረጉ። ከውስጥ ሆኜ በወፍጮው ጩኸት መሀል ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ሂጂ! ዛሬ ግዕዝ ብቻ ነው!»

«ኧረ የኔታ፣ ትንሽ ለብ ቢል...»

«ለብ ያለ ነገር ከፈለግሽ ጠላሽን ጠጪ! አህያውን አትቀንሺብኝ!»

በየመሀሉ ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ ዞር ሲሉም ባልዲዎቹን ይዳስሳሉ። አንዴ ጣታቸውን ነክረው በፍጥነት አወጡ። «ይሄማ ከአራራይም አልፏል! ይሄስ ስም የለውም!» አሉና እንደ ሕፃን ሳቁ።

መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ግን መለኪያዬን በሚወጣው ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ጌጁን እያየሁ፣ እንደገና እየነከርኩ ስመላለስ ዋልኩ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ከእኛ ሐይቅ ዳር ቀድሞ ስለሚፈላ ትንሽ ስሕተት እንኳ ሞተሩን ታፈላዋለች። ጆንያ ያልቃል፣ ሌላ ይመጣል። ዱቄቱ ሁላችንንም አንድ ዕድሜ አደረገን፤ ሁሉም ሰው ሽበታም፣ ሁሉም ሰው ሳቂታ። ጥሩወርቅ ብቻ አልሳቀችም። ከወፍጮው አፍ ወደ በር፣ ከበር ወደ ፀሐይዋ ታያለች።

ፀሐይዋ ከገደሉ ማዶ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ የመጨረሻው የድግስ ብቅል ወፍጮው ውስጥ ገባ። ዱቄቱ ሲያልቅ ገና ብርሃን ነበር። ሴቶቹ ጆንያቸውን ጭነው፣ እየተጣሩ እየተሳደቡ እየሳቁ ወደየመንደራቸው ወረዱ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ሞላ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲልክ በር ላይ ጥላ ወደቀ።

ቄሰ ገበዙ ናቸው። አንድ አህያ እየነዱ መጥተዋል፤ አህያው ላይ ስንዴ ተጭኗል።

«ይሄ ከድግሱ አይደለም» አሉ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። «የቤቴ ነው። ለማዶው ወፍጮ ልሰደው አስቀምጬው ነበር።»

ጥሩወርቅ ከወፍጮው አፍ ቀና አለች። «ቦታውስ፣ አባ?»

«የቱ ቦታ?»

«ይሄ የቆምንበት።»

ሞተሩ ላይ አፍጥጠው ቆዩ፤ ዝግ ብሎ ይመታል፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «አንቺን ካስነሣሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄን ስንዴ ማን ሊፈጭልኝ ነው?»

የጥሩወርቅ እንባ ፊቷን በሸፈነው ዱቄት ላይ ሁለት መስመር ሠራ። ሄዳ የምታቅፋቸው፣ መስቀላቸውን የምትሳለም መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ባዶውን ሜዳ በአገጯ አሳየቻቸው።

«እንግዲያው ተራዎን ይጠብቁ፣ አባ።»

ቄሰ ገበዙ ዞረው አዩ። አንድም ሰው የለም። ራሳቸውን ነቀነቁና አህያቸውን እየጎተቱ፣ ማንም በሌለበት ወረፋ ጫፍ ላይ ሄደው ቆሙ።